በተሠራው ሥራና በተከፈለው ገንዘብ መካከል፦ የግንባታ ውል ገቢና የፋይናንስ ሀብት የሂሳብ ፖሊሲዎች የሚገናኙበት ስፍራ

የአንድ የሥራ ተቋራጭ ዓመታዊ የሂሳብ መግለጫ ሲገለጥ፣ ከዋናዎቹ ሰንጠረዦች ቀጥሎ የሚገኘው የሂሳብ ፖሊሲዎች ማብራሪያ ብዙ ገጾችን ይይዛል። የያዘው ቁም ነገር ግን ብዙ ጊዜ ከገጾቹ ብዛት ጋር አይመጣጠንም። ከዓለም አቀፍ ደረጃዎች የተቀዱ አንቀጾች ተራ በተራ ይሰፍራሉ፤ ድርጅቱ በየትኛው ውል ላይ፣ በምን ማስረጃ ተደግፎ፣ የትኛውን ውሳኔ እንደወሰነ ግን አይነገርም። የዓለም አቀፍ የሂሳብ ደረጃዎች ቦርድ ይህንኑ ልማድ በማየት አይኤኤስ 1ን አሻሽሎ፣ ከጥር 1 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ድርጅቶች «ዐበይት» የሚባሉ ፖሊሲዎችን ሁሉ ከመዘርዘር ይልቅ ለአንባቢው ውሳኔ ቁም ነገር ያለውን የፖሊሲ መረጃ ብቻ እንዲገልጡ ደንግጓል። ማሻሻያው ደረጃውን መልሶ ከሚያስተጋባ መግለጫ ይልቅ የድርጅቱን የራሱን ሁኔታ የሚያሳይ መረጃ እንደሚጠቅም በግልጽ ያስቀምጣል።

ጉዳዩ በግንባታው ዘርፍ ይበልጥ ይከብዳል። የተቋራጭ የገቢ ፖሊሲ በአንድ ማብራሪያ፣ የፋይናንስ ሀብት ፖሊሲው በሌላ ማብራሪያ ይጻፋል፤ ሁለቱን የሚያዘጋጁትም አንዳንድ ጊዜ የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ሆኖም ሁለቱ ፖሊሲዎች የሚገናኙበት አንድ የሂሳብ መስመር አለ፤ እርሱም ተሠርቶ ገና በአማካሪ መሐንዲሱ ያልጸደቀው ሥራ፣ በአይኤፍአርኤስ 15 አጠራር «የውል ሀብት» የሚባለው ነው። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ በዘርፉ ትልቁ ስሕተት የሚደበቀው በዚህ መስመር ላይ ነው፣ የብድር ኪሳራ ስሌትም ብቻውን ሊያርመው አይችልም የሚል ነው።

የሕግና የደረጃ መሠረት

በኢትዮጵያ የፋይናንስ ሪፖርት አዘገጃጀትና አቀራረብ አዋጅ ቁጥር 847/2006 ዓለም አቀፍ ደረጃዎችን አስገዳጅ አድርጓል፤ በደንብ ቁጥር 332/2007 የተቋቋመው የኢትዮጵያ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድም አፈጻጸሙን በየደረጃው እንዲመራ ኃላፊነት ተሰጥቶታል። ባንኮች፣ የመድን ድርጅቶችና ትልልቅ የመንግሥት የልማት ድርጅቶች ቀድመው ገቡ፤ ሌሎች ተከተሉ። አጋጣሚ ሆኖ ሽግግሩ የተካሄደው ደረጃዎቹ ራሳቸው በሚለወጡበት ወቅት ነው። የግንባታ ውሎችን ለብቻው ይገዛ የነበረው አይኤኤስ 11 በአይኤፍአርኤስ 15፣ የፋይናንስ ሰነዶችን ይገዛ የነበረው አይኤኤስ 39 ደግሞ በአይኤፍአርኤስ 9 ተተክተው፣ ሁለቱም አዲስ ደረጃዎች ከጥር 1 ቀን 2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ ውለዋል።

የአይኤኤስ 11 መነሻ የተቋራጩ የሥራ እንቅስቃሴ ነበር። አይኤፍአርኤስ 15 ግን ጥያቄውን አዙሮ «ደንበኛው በሚሠራው ነገር ላይ ቁጥጥር ያገኘው መቼ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። በአሠሪው ይዞታ ላይ ለሚሠራ መንገድ፣ ድልድይ ወይም ሆስፒታል መልሱ አያስቸግርም፤ አሠሪው ሥራው በተሠራ ቁጥር ስለሚቆጣጠረው ገቢው በጊዜ ሂደት ይመዘገባል። በራሱ ይዞታ ላይ አፓርታማ ገንብቶ ገና ሳይጠናቀቅ ለሚሸጥ አልሚ ግን መልሱ ሌላ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው አልሚ ቤቱን ለሌላ ሰው ማዋል የማይችል መሆኑንና እስከዚያ ቀን ለሠራው ሥራ ክፍያ የመጠየቅ በሕግ የሚጸና መብት ያለው መሆኑን ማሳየት አለበት። ካልቻለ ገቢውን መመዝገብ የሚችለው ቤቱን ለገዢው ባስተላለፈበት ቀን ነው። «ድርጅቱ የግንባታ ገቢን በጊዜ ሂደት ይመዘግባል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ለሁለቱም ዓይነት ሥራ ማዋል ስለዚህ አይበቃም።

የሥራውን ደረጃ መለካት

ገቢው በጊዜ ሂደት ከተመዘገበ ሥራው የደረሰበት ደረጃ መለካት አለበት። በአብዛኛው የሚሠራበት መንገድ እስከ ዘመኑ መጨረሻ የወጣውን ወጪ ለሙሉ ሥራው ከሚገመተው ወጪ ጋር ማነጻጸር ነው። ቀላል ይመስላል፤ በተረጋጋ ዋጋ ዘመንም በእርግጥ ቀላል ነው። ሲሚንቶ፣ ብረት፣ ሬንጅና ነዳጅ በአንድ የበጀት ዓመት ውስጥ ደጋግመው በሚንሩበት አገር ግን የማካፈያው ቁጥር በየጊዜው ካልታደሰ ስሌቱ ራሱ ሐሰተኛ ትርፍ ይፈጥራል።

ለማሳያ ያህል የተሰላ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ተቋራጭ በ400 ሚሊዮን ብር የመንገድ ሥራ ውል ይፈርማል፤ ጠቅላላ ወጪውን 340 ሚሊዮን ብር ገምቷል። በመጀመሪያው ዓመት 136 ሚሊዮን ብር ያወጣል። የሥራው ደረጃ 40 በመቶ፣ ገቢው 160 ሚሊዮን፣ ትርፉ 24 ሚሊዮን ብር ይሆናል። በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ የወጣው ወጪ 272 ሚሊዮን ብር ደረሰ እንበል። የወጪ ግምቱ ካልታደሰ የሥራው ደረጃ 80 በመቶ፣ የተጠራቀመው ገቢ 320 ሚሊዮን፣ የተጠራቀመው ትርፍ 48 ሚሊዮን ብር ሆኖ ይታያል።

የቢሮው የዋጋ ባለሙያዎች ቀሪውን ሥራ በወቅቱ ዋጋ ቢያሰሉት ግን ጠቅላላ ወጪው 425 ሚሊዮን ብር ይሆናል እንበል። ያን ጊዜ ሥራው የደረሰው 64 በመቶ ላይ ብቻ ነው። የተጠራቀመው ገቢ 256 ሚሊዮን ብር ሲሆን፣ ከወጣው ወጪ ጋር ሲነጻጸር የ16 ሚሊዮን ብር ኪሳራ አለ። ነገሩ በዚህ አያበቃም፤ ቀሪው ሥራ 144 ሚሊዮን ብር አስገብቶ 153 ሚሊዮን ብር ስለሚያስወጣ፣ ኪሳራ ላዘለ ውል በአይኤኤስ 37 መሠረት የ9 ሚሊዮን ብር መጠባበቂያ ወዲያውኑ ይያዛል። ጠቅላላ ኪሳራው 25 ሚሊዮን ብር ነው። የአንድ ግምት አለመታደስ የ48 ሚሊዮን ትርፍና የ25 ሚሊዮን ኪሳራ፣ ማለትም የ73 ሚሊዮን ብር ልዩነት አመጣ።

አማካሪ መሐንዲሱ እስከዚያ ቀን በክፍያ ሰርተፍኬት ያጸደቀው ሥራ 240 ሚሊዮን ብር ቢሆን፣ በመጀመሪያው ስሌት የውል ሀብቱ 80 ሚሊዮን፣ በሁለተኛው 16 ሚሊዮን ብር ብቻ ነው። 64 ሚሊዮኑ ማንም የማይከፍለው፣ በሂሳብ መዝገብ ውስጥ ብቻ ያለ ሀብት ነው። አሁን የፋይናንስ ሀብት ፖሊሲው ይመጣና በዚህ 80 ሚሊዮን ላይ የሚጠበቅ የብድር ኪሳራ ያሰላል። በታሪካዊ መረጃ ተመርቶ 1.5 በመቶ ቢይዝ 1.2 ሚሊዮን ብር ይሆናል። መግለጫው በቅርጽ የተሟላ ነው፤ የኦዲተሩ የማመሳከሪያ ቅጽም ይሞላል። 64 ሚሊዮኑ ግን እንዳለ ተቀምጧል።

በዋጋ ንረት ፍራቻ ብረት ቀድሞ ገዝቶ በሥራ ቦታ ማከማቸት በዘርፉ የታወቀ ጥንቃቄ ነው። እንዲህ ያለው ብረት ገና ወደ ሥራው ሳይገባ እንደ ወጣ ወጪ ቢቆጠር፣ አንድ ሜትር ኮንክሪት ሳይሞላ የሥራው ደረጃ ያድጋል። አይኤፍአርኤስ 15 ከተሠራው ሥራ ጋር የማይመጣጠን ወጪ ከልኬቱ እንዲወጣ የሚጠይቀው ለዚህ ነው። ፖሊሲውን የሚጽፍ ድርጅት ያልተገጠመ ዕቃን እንዴት እንደሚይዝ በአንድ መስመር ቢናገር፣ ከደረጃው ከተቀዱ ሁለት ገጾች ይበልጥ ይጠቅማል።

የዋጋ ማስተካከያ ጥያቄና የካሪሊየን ትምህርት

በምሳሌው ያለው ተቋራጭ «ለዋጋ ንረቱ የ60 ሚሊዮን ብር ማስተካከያ ጠይቄአለሁ» ሊል ይችላል። ጥያቄውን በግብይት ዋጋው ውስጥ ቢያካትት የውሉ ዋጋ 460 ሚሊዮን ብር ይሆናል፤ በ64 በመቶ ደረጃ ገቢው 294.4 ሚሊዮን፣ ትርፉ 22.4 ሚሊዮን ብር ይደርሳል። ኪሳራው በአንድ ደብዳቤ ወደ ትርፍ ተለወጠ ማለት ነው። ደረጃው እዚህ ላይ ሁለት በር አኑሯል። የመጀመሪያው ሕጋዊ ነው፤ የተጠየቀው ማስተካከያ በውሉ ወይም በሕግ የሚጸና መብት መሆን አለበት። ሁለተኛው የልክ ነው፤ የተመዘገበው ገቢ ወደ ፊት በጉልህ መጠን ተመልሶ እንደማይሰረዝ እጅግ የሚያስተማምን ሁኔታ መኖር አለበት። በፊዲክ የ1999 እ.ኤ.አ. ቀይ መጽሐፍ መሠረት ተቋራጩ የይገባኛል ጥያቄ መነሻ የሆነውን ነገር ባወቀ ወይም ማወቅ በነበረበት በ28 ቀናት ውስጥ ማስታወቂያ ካልሰጠ መብቱን ሊያጣ ይችላል። የሂሳብ ባለሙያው ስለዚህ የማስታወቂያውን ቀን ሳያይ ስለ ገቢው መናገር አይችልም፤ የውል አስተዳደር ፋይሉ የሂሳብ ማስረጃ ሆኗል።

ይህ ፍርሃት ከንቱ አለመሆኑን የብሪታንያው ካሪሊየን አሳይቷል። ኩባንያው የ2016 እ.ኤ.አ. ሂሳቡን በመጋቢት 2017 እ.ኤ.አ. ንጹሕ በሆነ የኦዲት አስተያየት አወጣ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር በግንባታ ውሎቹ ላይ የ845 ሚሊዮን ፓውንድ ቅናሽ እንደሚይዝ አስታወቀ፤ በመስከረም ተጨማሪ 200 ሚሊዮን ፓውንድ ጨመረ። ጥር 15 ቀን 2018 እ.ኤ.አ. ወደ አስገዳጅ መፍረስ ሲገባ በእጁ የነበረው ጥሬ ገንዘብ 29 ሚሊዮን ፓውንድ፣ ዕዳው ደግሞ ወደ 7 ቢሊዮን ፓውንድ የተጠጋ ነበር። የፓርላማው ሁለት ኮሚቴዎች በግንቦት 2018 እ.ኤ.አ. ባወጡት የጋራ ዘገባ ከተመለከቷቸው ጉዳዮች አንዱ የሮያል ሊቨርፑል ሆስፒታል ውል ነው። የኩባንያው የውስጥ ግምገማ በዚህ ውል ላይ የ12.7 በመቶ ኪሳራ ሲያሳይ፣ የበላይ አመራሩ በ4.9 በመቶ ትርፍ እንዲመዘገብ አድርጓል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ወደ 53 ሚሊዮን ፓውንድ ይደርሳል። ኦዲተሩ ኬፒኤምጂም በ2023 እ.ኤ.አ. በአገሪቱ የፋይናንስ ሪፖርት ምክር ቤት 21 ሚሊዮን ፓውንድ ተቀጥቷል።

ካሪሊየን የወደቀው በአይኤኤስ 11 ዘመን በተዘጋጁ ሂሳቦች ነው። ስለዚህ «አዲሱ ደረጃ ቢኖር ኖሮ አይሆንም ነበር» የሚል ሙግት ይሰማል። ሙግቱ በከፊል ብቻ ያስኬዳል። አይኤፍአርኤስ 15 የማስተማመኛውን ልክ ከፍ አድርጓል፤ የወጪ ግምቱን የሚያዘጋጁት ሰዎች ግን ያው የድርጅቱ ሰዎች ናቸው። በሊቨርፑሉ ውል የጎደለው ግምት አልነበረም፤ ግምቱ በውስጥ ግምገማ ተሠርቶ ቀርቦ ነበር።

ክርክርና አቅም ማጣት

ከዚህ የሚከተለው ዋና የፖሊሲ መለያ ነው። አሠሪው «ይህን ሥራ አላዘዝሁም» ወይም «ይህ ዋጋ አይገባህም» ሲል የመብት ክርክር ነው፤ ይህ የአይኤፍአርኤስ 15 ጉዳይ ሆኖ ገቢውን ይቀንሳል። አሠሪው ዕዳውን አምኖ ለመክፈል አቅም ሲያጣ ግን የብድር ኪሳራ ነው፤ ይህ የአይኤፍአርኤስ 9 ጉዳይ ሆኖ በወጪነት ይመዘገባል። ሁለቱን ማደባለቅ ያልተገባ ገቢን በመዝገብ አቆይቶ በትንሽ መቶኛ ለመሸፈን መንገድ ይከፍታል። በተመሳሳይ ሁኔታ የውል ሀብትና ተሰብሳቢ ሂሳብ መለየት አለባቸው። ሥራው ተሠርቶ ክፍያው የሰርተፍኬቱን መጽደቅ የሚጠብቅ ከሆነ የውል ሀብት ነው፤ ከጊዜ መድረስ በስተቀር ሌላ የሚጠበቅ ነገር ከሌለ ተሰብሳቢ ነው። እስከ ጉድለት ማረሚያው ጊዜ ማብቂያ የሚቆየው መያዣ ገንዘብም ክፍያው በጉድለቱ መታረም ላይ እስከተመሠረተ ድረስ በውል ሀብትነት መቆየቱ ተገቢ ነው።

ጉልህ የፋይናንስ አካል ለሌላቸው ተሰብሳቢዎችና የውል ሀብቶች አይኤፍአርኤስ 9 ቀለል ያለ አሠራር ይደነግጋል፤ ኪሳራው ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ ለሀብቱ ዕድሜ ልክ ይሰላል። ብዙ ድርጅቶች ለዚህ የሚጠቀሙት የመዘግየት ጊዜን በ30፣ በ60 እና በ90 ቀናት የሚከፍል ሰንጠረዥ ነው። ሰንጠረዡ ብዙ ትናንሽ ደንበኞች ላሉት ነጋዴ ይሠራል። ሦስት ወይም አራት አሠሪዎች ብቻ ላሉት የመንገድ ተቋራጭ ግን አማካይ የሚባል ነገር የለውም፤ አንዱ አሠሪ ቢዘገይ ግማሹ ተሰብሳቢ ይዘገያል። ለእንዲህ ያለው ድርጅት እያንዳንዱን አሠሪ ለየብቻ መመዘን፣ የፕሮጀክቱን የበጀት ምንጭ ማየትና የውጭ ብድር ወይም ዕርዳታ ያለበትን ከሌለበት መለየት ከሰንጠረዡ ይሻላል።

የዘገየ ገንዘብ የት ይታያል?

«ከመንግሥት የሚጠበቅ ገንዘብ ይዘገያል እንጂ አይጠፋም» የሚለው አባባል በተቋራጮች ዘንድ የተለመደ ነው፤ በዚህም ምክንያት በመንግሥት አሠሪዎች ላይ ምንም ኪሳራ አለመያዝ እንደ ልማድ ይታያል። አይኤፍአርኤስ 9 ግን ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ ቢከፈልም እንኳ ከውሉ ቀን ዘግይቶ ከመጣ የብድር ኪሳራ ሊኖር እንደሚችል በግልጽ ይናገራል። ነገሩ የተፈታ ይመስላል፤ ሆኖም አንድ ወጥመድ አለ። ኪሳራው የሚሰላው የወደፊቱን ገንዘብ በሀብቱ የመጀመሪያ የወለድ መጠን ወደ ዛሬ በመመለስ ነው። ጉልህ የፋይናንስ አካል የለውም ተብሎ በሙሉ የግብይት ዋጋው የተመዘገበ ተሰብሳቢ ይህ የወለድ መጠን በአብዛኛው ዜሮ ነው። በዜሮ የተመለሰ ገንዘብ ደግሞ ምንም ቢዘገይ አይቀንስም። የመዘግየቱ ዋጋ በአይኤፍአርኤስ 9 በኩል ሳይታይ ቀረ ማለት ነው።

ሊታይ የሚችለው በሌላው በር፣ በአይኤፍአርኤስ 15 የፋይናንስ አካል ድንጋጌ ነው። ደረጃው ሥራው ከተላለፈበት እስከ ክፍያው ያለው ጊዜ ከአንድ ዓመት አይበልጥም ብሎ ድርጅቱ በውሉ መጀመሪያ ላይ የሚጠብቅ ከሆነ ይህን ስሌት እንዲተወው ይፈቅዳል። በየፖሊሲ ማብራሪያው የሚቀዳውም ይህ ፈቃድ ነው። ነገር ግን ከዚያው አሠሪ ጋር ባለፉት ውሎች ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ የተከፈለው ተቋራጭ «በአንድ ዓመት ውስጥ እጠብቃለሁ» ለማለት ምን ማስረጃ አለው? የ100 ሚሊዮን ብር ሥራ ከ18 ወራት በኋላ የሚከፈል ከሆነና ተገቢው የወለድ መጠን 15 በመቶ ከሆነ፣ የግንባታ ገቢው 81.1 ሚሊዮን ብር ብቻ ነው፤ ቀሪው 18.9 ሚሊዮን ብር በጊዜ ሂደት የሚመዘገብ የወለድ ገቢ ነው። የተቋራጩ የሥራ ትርፍ ከ10 በመቶ በታች ከሆነ ሥራው ራሱ አክሳሪ ነበር ማለት ነው።

በዚህ ላይ የሚነሣ ጠንካራ ተቃውሞ አለ። መዘግየቱ የውል ጥሰት እንጂ ተዋዋዮቹ የተስማሙበት ብድር አይደለም ይባላል። ፊዲክም አሠሪው የክፍያ መግለጫው ለመሐንዲሱ በደረሰ በ56 ቀናት ውስጥ እንዲከፍል፣ ካዘገየም የፋይናንስ ወጪ እንዲተካ ይደነግጋል። ተቃውሞው ወለዱ በእርግጥ ተጠይቆ በሚሰበሰብበት ስፍራ ትክክል ነው። ተቋራጩ ለወደፊት ሥራ ሲል፣ ከአሠሪው ጋር ላለመጣላትም ወለዱን የማይጠይቅ ከሆነ፣ ከዚያም አልፎ መዘግየቱን ገና በጨረታ ዋጋው ውስጥ አስልቶ ከገባ ግን ስምምነቱ በቃል ባይጻፍም በአሠራር አለ። ደረጃውም የፋይናንስ አካሉ በውሉ በግልጽ ባይነገርም ሊኖር እንደሚችል ይቀበላል። ዋጋውን ሲያሰላ መዘግየቱን የጠበቀ ድርጅት፣ ሂሳቡን ሲጽፍ አልጠበቅሁም ሊል አይገባም።

መያዣ ገንዘብ ከዚህ ይለያል፤ የተያዘው አሠሪውን ከጉድለት ለመጠበቅ እንጂ ብድር ለመስጠት ስላልሆነ የፋይናንስ አካል አይቆጠርበትም።

የውጭ ምንዛሪና ቀሪዎቹ ሀብቶች

ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲተው፣ በ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በመጀመሪያው ቀን ወደ 74 ብር፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ደግሞ ከ100 ብር በላይ ደረሰ። ከፊሉ በውጭ ምንዛሪ በሚከፈል ውል ውስጥ ይህ ለውጥ ሁለት ወገን አለው። የውል ሀብትና ተሰብሳቢ በገንዘብ የሚገለጡ ሀብቶች ስለሆኑ በዘመኑ መጨረሻ ተመን ይታደሳሉ፤ ትርፉም ወዲያው ይታያል። በቅድሚያ ክፍያ የተቀበሉት የውጭ ምንዛሪ ግን የሚመለሰው በሥራ እንጂ በገንዘብ ስላልሆነ፣ በአይኤፍአርአይሲ 22 መሠረት በተቀበሉበት ቀን ተመን ይቆያል። ከዚህ ቅድሚያ ክፍያ ጋር የሚቻቻለው ገቢ ስለዚህ በአሮጌው ተመን ይመዘገባል፤ በዚያው ጊዜ የሚገዛው ሬንጅና መለዋወጫ ግን በአዲሱ ተመን ነው። በወጪ ላይ የተመሠረተው የሥራ ደረጃ መለኪያ ይህን ልዩነት ተሸክሞ ይሄዳል፤ የወጪ ግምቱ በዚያ ወር ካልታደሰ ቀደም ሲል የታየው የ64 ሚሊዮን ዓይነት ሐሰተኛ ሀብት በአንድ ሩብ ዓመት ውስጥ ሊፈጠር ይችላል።

የተቋራጮች ሌሎች የፋይናንስ ሀብቶች ከዚህ ሲነጻጸሩ ቀላል ናቸው። ለሕዳሴ ግድብ የተገዛ ቦንድ ወለድና ዋናውን ገንዘብ ብቻ የሚያስገኝና እስከ መክፈያ ቀኑ የሚያዝ ከሆነ በአሞርታይዝድ ኮስት ይመዘገባል፤ የሚጠበቅ የብድር ኪሳራውም ይሰላል። በባንክና በመድን ድርጅቶች የተያዙ አክሲዮኖች ግን ይህን መለኪያ አያልፉም፤ በፍትሐዊ ዋጋ መመዝገብ አለባቸው። ለዓመታት በተገዙበት ዋጋ ሲቀመጡ የቆዩት «ገበያ የለም» በሚል ምክንያት ነበር። የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሆኗል፤ ቢያንስ ለተመዘገቡት አክሲዮኖች ምክንያቱ ከእንግዲህ አይሠራም። ለንግድ ያልተያዘ አክሲዮን የዋጋ ለውጡ በሌላ አጠቃላይ ገቢ በኩል እንዲያልፍ መምረጥ ይቻላል፤ ምርጫው ግን በመጀመሪያ ሲመዘገብ የሚደረግና የማይሻር ነው፣ ሲሸጥም ትርፉ ወደ ትርፍና ኪሳራ መግለጫው አይመለስም። ይህን ሳያስተውል የመረጠ ተቋራጭ የግንባታ ኪሳራውን አክሲዮን ሸጦ በትርፍ መግለጫው ላይ ለማካካስ ሲሞክር በሩ የተዘጋ ሆኖ ያገኘዋል።